የአዲስ አበባን ጃዝ በሸክላ እናስቀር፦ የድጋፍ ጥሪ

አዲስ አበባ ውስጥ ጃዝ የሚሰማበት ምሽት አይጠፋም። አንዱ ሆቴል ወይም አንዱ ክለብ ጎራ ብትሉ ሳክስ የሚነፋ፣ ክራሩን ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኝቶ የሚመታ፣ ከበሮና ድራም አዋህዶ የሚጫወት ልጅ ታገኛላችሁ። ጎበዞች ናቸው፤ በጣም ጎበዞች። ግን በማግስቱ «ያ ትናንት የሰማሁት ዜማ የት ይገኛል?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «የትም» ነው። ቢገኝም አንዱ በስልኩ የቀዳት አጭር ቪዲዮ ናት። እሷም ላይ ከቤዙ ይልቅ የጠርሙስ ግጭት ይጎላል።

ለዚህ ነው ገንዘብ የምንሰበስበው። እዚሁ ከተማ የሚጫወቱ አሥር የጃዝ ቡድኖች እያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ሥራ ይዘው የሚገቡበት የጋራ አልበም ልንቀዳ ነው። ሸክላም ይታተማል፣ በኢንተርኔትም ይለቀቃል። የሚያስፈልገን 1.5 ሚሊዮን ብር ነው። ቀላል ገንዘብ እንዳልሆነ እናውቃለን። እያንዳንዷ ብር የት እንደምትገባ ወረድ ብለን እንነግራችኋለን።

መጀመሪያ ግን ሁሉም ሰው የሚጠይቀንን እንመልስ። «ለምን ፕሮዲውሰር አትፈልጉም?» መልሱ ከድሮ ታሪክ ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት የድምፃዊ አለማየሁ እሸቴን ነጠላ ሸክላ አወጣ። በዘመኑ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ የመጣው ይምጣ ብሎ ገባበት። እያሳተመ የሚያስመጣውም ከውጭ አገር ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላ አወጣ። የሙላቱ አስታጥቄ «ኢትዮ ጃዝ» አልበምም እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው በዚሁ በአምሃ ሸክላ ቤት ነው። በዓመቱ አምሃ አገር ለቆ ወጣ፤ ሥራውም ቆመ።

ሸክላዎቹ ግን ቀሩ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ ሲጀምር የተነሳው ከእነሱ ነው። አራተኛው አልበም የሙላቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ የሙላቱን ሥራዎች ፊልሙ ውስጥ አስገባቸው፤ ከዚያ በኋላ ሙዚቃው በዓለም ዙሪያ ተሰማ። ኃይሉ መርጊያን ደግሞ አስታውሱ። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1985 የቀዳው ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ነው ወደ ዓለም መድረክ የተመለሰው። ካሴቱ ባይኖር ማን ይፈልገው ነበር?

በዚያው ዘመን በየሆቴሉ ሲጫወቱ አድረው ሳይቀዱ የቀሩትን ደግሞ አስቡ። ስማቸውን የሚያውቁት አብረዋቸው የሠሩት ብቻ ናቸው። እነሱም እያለቁ ነው።

ጃዝ የሚሰማባቸው ቤቶችስ ቢሆኑ መች ይቆያሉ? ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝአምባ ጥር 2007 ዓ.ም. ላይ በእሳት ወደመ። ስንት ምሽት፣ ስንት ጃም ሴሽን አብሮ ሄደ። አዝማሪውና ጃዙ በአንድ መድረክ የሚገናኙበት ፈንዲቃም በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። ሙዚቀኛ ሌላ መድረክ ፈልጎ ይጫወታል፤ ለምዶታል። እዚያ ቤት በዚያ ምሽት የተጫወተውን ግን መልሶ አያመጣውም።

እንግዲህ ወደ ፕሮዲውሰሩ እንመለስ። ፕሮዲውሰር ገንዘቡን ያወጣል፣ ማስተሩን፣ ማለትም ዋናውን ቅጂ ከነባለቤትነቱ፣ ይወስዳል። ክፋት የለውም፤ ገበያው እንደዚህ ነው የሚሠራው። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ሸክላው ሌላ አገር ሲፈለግ ግን ሙዚቀኛው፣ እሱ ከሌለም ልጆቹ፣ እጃቸው ላይ ወረቀት የላቸውም። እኛ ይህን አንደግምም ብለናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲውም ለተጫዋቹም መብት ይሰጣል። የጎደለው ከመቀዳቱ በፊት የሚፈረም ውል ነው። ስለዚህ ማስተሩ የየቡድኑ ይሆናል። እኛ ለዚህ አልበም ብቻ የመጠቀም ፈቃድ እንወስዳለን። ከሽያጩ ወጪ ተቀንሶ የሚተርፈው ለአሥሩም እኩል ይካፈላል። እንዲህ ያለ ውል ይዘን ባለሀብት ዘንድ ብንሄድ የሚሉንን እናውቃለን። እናንተ ዘንድ የመጣነውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ላይ አጥብቀናል። የሚቀዳው አዲስ ድርሰት ብቻ ነው። በዚህ ተኮርፈናል፤ ይሁን። የድሮውን መጫወት ያዋጣል። እንግዳው ሁሉ፣ በተለይ ከውጭ የሚመጣው፣ እነዚያኑ የሚያውቃቸውን ዜማዎች ይጠይቃል፤ ቡድኑም ጉርሻ አይጠላም። እንዲህ እየተባለ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ አያቱ ወጣት ሳለ የወጣ ዜማ ሲጫወት ያድራል። የራሱን አንድ ሥራ የሚያስገባው ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ወደ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። እኛ የምንፈልገው ያቺን የሰባት ሰዓቷን ነው። እዚያ ላይ ነው አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት ከማታውቁት ምት ጋር አጋጭተው ጉድ የሚያሰኙት።

አሁን ስለ ቀረጻው። በመጀመሪያ በየቡድኑ ፕሮግራም አውጥተን ነበር፤ አንድ ክራር ተጫዋች «በባንድ አታድርጉት፣ በቅኝት አድርጉት» አለን። ልክ ነው። ፒያኖ ባለበት ይቆማል። ክራር ግን ከትዝታ ወደ ባቲ ሊሻገር ሲል ክሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው፤ ክር ደግሞ አዲስ ቅኝት ላይ እስኪረጋ ጊዜ ይፈልጋል። አንዱ ጥግ «ቆይ፣ አንዴ!» እያለ ሲቃኝ ስቱዲዮው በሰዓት እየቆጠረ ነው። ማሲንቆም የራሱ ጣጣ አለው። አየሩ እርጥበት ከያዘ ቆዳው ይላላል፣ ድምፁ ይታፈናል። ስለዚህ የትዝታዎቹን አንድ ላይ፣ የባቲዎቹን አንድ ላይ፣ የአምባሰሎቹን አንድ ላይ እንቀዳለን። አንቺሆዬ የመጨረሻው ቀን ላይ ነው፤ ያኔ ሁሉም ጆሮው ተሟሙቋል።

ሁሉም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ ይጫወታል። ድራሙን ዛሬ፣ ሳክሱን በሳምንቱ እየለጠፉ መቅዳት ይረክሳል፤ ግን ጃዝ እንዲያ አይሆንም። ሳክሰኛው የሚነፋው ድራመኛውን እያየ ነው። በዚያ ላይ መብራት አለ፤ ማለትም አንዳንዴ የለም። ጄኔሬተር ሲነሳ ጉርምርምታው ግድግዳ አልፎ ማሲንቆው ማይክ ውስጥ ይገባል። በኋላ በማሽን እናጥፋው ቢባል የማሲንቆውንም ወዝ ይዞት ይሄዳል። ባትሪ ያለው ስቱዲዮ የመረጥነው ለዚህ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው።

ቀረጻው ስምንት ቀን ይፈጃል፤ በሁዳዴ ነው የያዝነው። በሁዳዴ ሠርግ የለም። ክለቡም ይቀዘቅዛል። ከሠርግ ወደ ሠርግ የሚሮጠው ቤዘኛ የሚገኘው ያኔ ብቻ ነው። ምሳው በየቀኑ በያይነቱ እንደሚሆን ከወዲሁ ይታወቅ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ትልቁ ወጪ ሸክላው ነው። 300 ቅጂ ውጭ አገር አሳትሞ፣ አስጭኖና ቀረጥ ከፍሎ ለማስገባት 600 ሺህ ብር ይዘናል። «በዚህ ዘመን ሸክላ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። የሙዚቃ መተግበሪያ ዛሬ አለ፣ ነገ ይዘጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመው ሸክላ ግን ዛሬም ይጫወታል። በዚያ ላይ የአዲስ አበባን ጃዝ ውጭ አገር ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛው ሰው የሚፈልገው ሸክላ ነው። ለሙዚቀኞቹ 400 ሺህ ብር መድበናል። አሥሩ ቡድን ሲደመር ሃምሳ ሰው ያህል ነው፤ ዝነኛውም ጀማሪውም እያንዳንዱ 8 ሺህ ብር ያገኛል። ለስቱዲዮና ለድምፅ ባለሙያዎች 350 ሺህ፣ የቀረው 150 ሺህ ለሚክሲንግና ማስተሪንግ፣ ማለትም የተቀዳውን ድምፅ ለማመጣጠንና ለኅትመት ለማዘጋጀት ነው። እኛ አስተባባሪዎቹ ከዚህ አንድ ብር አንወስድም። ሽፋኑን የሚሠራልን ሠዓሊ በነጻ ነው፤ እግዜር ይስጠው።

ገንዘቡ ባይሞላስ? ሁዳዴ ሲገባ ያለውን እንቆጥራለን። ከጎደለ የሚቀረው ሸክላው ነው እንጂ የሙዚቀኛው ክፍያ አይነካም። አልበሙ በኢንተርኔት ይወጣል፤ ሸክላው ሌላ ጊዜ ይጠብቃል። ለቀረጻው እንኳ ካልበቃ ገንዘቡ ለየባለቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ስትልኩ ስልክ ቁጥራችሁን አስቀምጡ።

የተሳታፊ ቡድኖችን ስም እዚህ ያልጻፍነው ደብቀን አይደለም። ውሉ ሳይፈረም ስም እየለጠፉ ገንዘብ መሰብሰብ ነውር ስለሆነ ነው። ሲፈረም ሁሉንም እናሳውቃለን።

መቶ ብርም ትሁን፣ ተቀባይነት አላት። በእውነቱ አንድ ባለሀብት ሁሉንም ከሚሸፍነው ይልቅ ብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ቢያዋጣ እንመርጣለን። ሁሉን የሰጠ ሰው ቀጥሎ «የወንድሜን ልጅ አስገቡልኝ» ማለቱ አይቀርም። አምስት ሺህ ብርና ከዚያ በላይ ላዋጣ አንድ ሸክላ እንይዝለታለን። የሁሉም አዋጪ ስም ሽፋኑ ውስጥ ይታተማል፤ ስሜ አይጠቀስ ያለ «የጃዝ ወዳጅ» ይባላል። ዋሽንግተንም፣ ቴል አቪቭም፣ ዱባይም ያላችሁ፣ እዚህ ባለው ዘመዳችሁ በኩል በብር ማስገባት ትችላላችሁ። ሸክላውን ከእሱ ጋር ትጨራረሳላችሁ።

መክፈያው በቴሌብርና በባንክ ነው። ሂሳቡ የተከፈተው በሦስት ሰዎች ስም ነው፤ ያለ ሦስቱ ፊርማ አይንቀሳቀስም። ቁጥሩን ከእኛ ከአስተባባሪዎቹ በአካል ወይም ይህን ጥሪ ካደረሳችሁ ሰው ውሰዱ። ኮመንት ሥር በተለጠፈ ቁጥር እንዳትልኩ፤ አጭበርባሪው በዝቷል። የገባውንና የወጣውን በየሁለት ሳምንቱ ከነደረሰኙ እንለጥፋለን።

ብር የሌለው በዕቃ ያግዘን። ጥሩ የማይክ ማቆሚያ፣ ኮንትራባስ፣ ያልተሰነጠቀ ሲምባል ያላችሁ ለስምንት ቀን አውሱን። ሲምባሉ በተለይ ቸግሮናል፤ እስካሁን የመጡልን ሦስቱም ስንጥቅ ናቸው።