ዳኛውንም አስታውሱልን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ቀይ ሽብር ባወጣችሁት ጽሑፍ በቀልቤሳ ነገዎ ላይ አትላንታ የቀረበውን የማሰቃየት ክስ ማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል። ሦስቱን ከሳሽ ሴቶች በክብር ነው የጠቀሳችኋቸው። ፍርዱን የሰጡትን ሰው ግን «አንድ አሜሪካዊ ዳኛ» ብላችሁ አልፋችኋቸዋል። ስም አላቸው፤ ኧርነስት ቲድዌል ይባላሉ።

እኔ አትላንታ የምኖር የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። በ1970 ዓ.ም. ከፍተኛ 9 (ከቀበሌ በላይ የነበረው የደርግ ዘመን የከተማ አስተዳደር) ምን እንደነበረ ለእኔ ትውልድ መንገር አያስፈልግም። ሊቀመንበሩ ቀልቤሳ ነበር። ከዓመታት በኋላ ከተገረፉት ሴቶች አንዷ እዚህ ኮሎኒ ስኩዌር ሆቴል በአስተናጋጅነት ስትሠራ፣ ሰውየው ከአሳንሰር ሲወጣ አየችው። እዚያው ሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ተቀጥሯል።

ቲድዌል መጀመሪያ የጆርጂያ ግዛት ዳኛ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ፕሬዚዳንት ካርተር ለፌዴራል ዳኝነት አጯቸው፤ ሴኔቱም አጸደቀላቸው። ሹመቱ የዕድሜ ልክ ነው። በፍርዳቸው የተቀየመ ባለሥልጣን ከወንበራቸው አያነሳቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1993 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) ጉዳዩን ያለ ጁሪ፣ ማለትም ከሕዝብ የሚመረጡ ፈራጆች ሳይኖሩ፣ ብቻቸውን ሰሙት። አንዷ እጅ እግሯ ታስሮ እንጨት ላይ እንዴት እንደተሰቀለች፣ ቁስሏ ላይ ውሃ እንዴት እንደፈሰሰባት ተናገረች። ሌላዋ አብራት ስለተያዘችው እህቷ መሰከረች። የዚያች ልጅ አስከሬን እንኳ አልተገኘም። ተከሳሹ ጠበቃ አልነበረውም። ራሱ ቆሞ ካደ።

እንግዲህ ማንን ይመኑ? አገሩን አያውቁትም፣ ቀበሌና ከፍተኛ ምን እንደሆነ ከምስክሮቹ አፍ ነው የሚሰሙት። የሥር ዳኛ ሸክም ይሄ ነው። ይግባኝ ሰሚዎች መዝገብ ያገላብጣሉ፤ እሳቸው ግን ተናጋሪዋን ፊት ለፊት እያዩ እውነቱን መለየት አለባቸው። ለይተውም አገኙት።

ነሐሴ ላይ ለእያንዳንዷ 500 ሺህ ዶላር ፈረዱ። ሻንጣ ተሸካሚ ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ግን ሰውየው ማሰቃየቱን እንደመራ፣ በአንዳንዱም ራሱ እንደተካፈለ በፍርድ ተረጋግጦ ተጻፈ። በ1996 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ተፈርዶበት እያለ፣ በ1995 የአሜሪካ ዜግነት ተሰጠው! ዜግነቱን ተነጥቆ ወደ አዲስ አበባ የተላከው በ2006 ነው። እዚያ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ይጠብቀው ነበር።

ቲድዌል ዛሬ በሕይወት የሉም። እባካችሁ አንድ ገጽ ስጧቸው። የይግባኙ ፍርድም ወደ አማርኛ ተመልሶ ይውጣ፤ አገር ቤት ያሉ ወጣት ዳኞቻችን ያንብቡት። ጽሑፉ ረጅም አይደለም። ተርጓሚ ካጣችሁ እኔ በነፃ እሠራዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከአትላንታ