ፖድካስት እኮ የሚሰማ ነገር ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ፖድካስት መጀመር ለሚፈልጉ ብላችሁ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደንበኛ እየጠበቅኩ መኪና ውስጥ አነበብኩት። ደስ ብሎኝ ጀምሬ መሃል ላይ ተናደድኩ። ሁለት ካሜራ፣ ሦስት መብራት፣ ሶፋ፣ ከኋላ የሚበራ ስም። ይሄን ለማሟላት መኪናዬን መሸጥ አለብኝ። ስለ ድምፅ የጻፋችሁት ግን አንድ መስመር ነች።

የራይድ ሹፌር ነኝ። ከአያት ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ቦሌ ስል እውላለሁ። እጄም ዓይኔም ሥራ ላይ ነው፣ ነፃ የሆነው ጆሮዬ ብቻ ነው። ፖድካስት ደግሞ የሚመቸው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ስሟን እ.ኤ.አ. በ2004 ቤን ሐመርስሊ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ሲጽፍ ከአይፖድ (የአፕል ኪስ ውስጥ የሚያዝ ሙዚቃ ማጫወቻ) እና ከብሮድካስት (ስርጭት) ገጣጥሞ ጣል አደረጋት፣ በዓመቱ አፕል አይቱንስ የሚባለው ሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባውና ሰው ለመደው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ፕሮግራም መከተል ነው፤ አዲስ ክፍል ሲወጣ ዋይፋይ ባለበት ፋይሉ ራሱ ስልክ ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ መንገድ ላይ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ግድ የለም። አንድሮይድ ለያዘ ሰው አንቴናፖድ የሚባል አፕ አለ፣ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም።

እኛ ጋ ግን ፖድካስት ማለት ዩቲዩብ ላይ የሚለቀቅ የሦስት ሰዓት ቪዲዮ ሆኗል። ቪዲዮ አይሠራ አላልኩም። ድምፁንም ለብቻው ልቀቁልን ነው የምለው። ንግግር በሰከንድ በ64 ኪሎቢት ሲቀመጥ አንድ ሰዓቱ 29 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ቪዲዮው ግን የዚያን ብዙ እጥፍ ይበላል። ፓኬጅ እየቆጠረ ለሚኖር ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ደግሞ ስልኩ ስክሪን ሲጠፋ ዩቲዩብ ካልተከፈለበት ጸጥ ይላል። ታዲያ ስክሪን አብርቼ ልንዳ?

«ሰው ፊት ካላየ አይሰማም» ይሉኛል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ማን ፊቱን አየው? እናቴ እስከ ዛሬ በዛብህን የምታስበው በወጋየሁ ድምፅ ነው።

አፌን ብቻ እንዳልሞላ እኔም ሞክሬዋለሁ። አጎቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው፣ አሁን አዲስ አበባ እኛ ጋ ነው ያለው፣ የአሮጌውን ባቡር ወሬ ከጀመረ ቡናው ሦስተኛው ደርሶም አያበቃም። ይሄ መቅረት የለበትም ብዬ ሳሎን ውስጥ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ቀዳሁት። ማታ ስሰማው ሲኒ ይንኳኳል፣ ፍሪጁ ያጉረመርማል፣ ጋሼ ከጉድጓድ ውስጥ የሚያወራ ይመስላል፣ በደንብ ሞቅ ብሎት ስለ አዋሽ ድልድይ ሊናገር ሲል ደግሞ ከውጭ አንዱ «ቆራሌው!» ብሎ ይጮሃል። ሃያ ደቂቃ ላይ ስልክ ተደውሎልኝ ኖሮ ቅጂው እዚያው ተቆርጧል። የቀረውን ያወራነው ለፍሪጁ ነው።

ሁለተኛው ላይ በሰዓት ከፍዬ ስቱዲዮ ወሰድኩት። ጆሮው ላይ ማዳመጫ፣ ዓይኑ ላይ መብራት ሲያርፍ ያ ተጫዋች ሰው ምርመራ ላይ ያለ ተጠርጣሪ ሆነ። «አዎ።» «አይደለም።» «አላስታውስም።» በቃ።

በሦስተኛው መኝታ ቤት ገባን። አልጋው፣ ፍራሹ፣ ቁም ሳጥኑ ሙሉ ልብስ ድምፅ ስለሚውጥ ክፍሉ አያስተጋባም። መስኮቱ ላይ ጋቢ ሰቀልኩ። ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጌ ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ፣ ትንሽ ወደ ጎን ዘወር አድርጌ መጽሐፍ ላይ ደገፍኩት፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ጴጥሮስ» ባለ ቁጥር ትንፋሹ ማይኩን ይመታዋል። ፍሪጁንም ነቀልኩት። (መልሼ መሰካት ረስቼ ሥጋ ተበላሽቷል፤ ባለቤቴ ፖድካስት የሚለውን ቃል ያወቀችው በዚያ ነው። አሁን የመኪና ቁልፌን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ሳልከፍተው መውጣት አልችልም።) ማይክ ቢኖረኝ እወድ ነበር፣ ግን ልዩነቱን ያመጣው ክፍሉ ነው።

የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ኦዳሲቲ የሚባል ድምፅ መቁረጫና ማስተካከያ ፕሮግራም ጫንን፣ እሱም ነፃ ነው። መጀመሪያ ዝም ያለበትን ሁሉ ቆራርጠን ስንሰማው ሰውየው የሚቸኩል መሰለ፣ መለስነው። ጋሼ «እንግዲህ...» ብሎ ዝም ሲል አንድ ነገር እየመጣ ነው። አሥራ ሁለት ደቂቃ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ አድርገን ስፖቲፋይ ላይ በነፃ ጫንነው፣ ፋይሉን ቴሌግራም ቻናል ላይም ለቀቅነው። ለእኛ ሰው ቴሌግራሙ ይቀለዋል። አንዴ አውርዶ ይሰማል፣ ለጎረቤቱም ይልካል።

የሰማን ሰው አርባም አይሞላም። ግን ኩዌት ሰው ቤት የምትሠራ የአጎቴ ልጅ ስልኳን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ ልብስ እየተኮሰች ሰማችው። ቪዲዮ ቢሆን መቼ ቁጭ ብላ ታያለች? በድምፅ መልእክት «አባዬ፣ ሚኤሶ ላይ ባቡሩ የቆመ ጊዜውን ዘለልከው እኮ» ብላ ላከችበት። እሱም ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አስከፈተኝ።

ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሚቀጥለውን ጽሑፍ ስልክና ጋቢ ላለው ሰው ጻፉ። ሁለተኛ፣ የቅዳሜውን ዋና ጽሑፋችሁን አንድ ሰው ደህና አድርጎ ያንብበውና ቻናላችሁ ላይ ልቀቁልን። ጋዜጣ መሪ ላይ ሆኖ አይነበብም።

ሚኤሶን ክረምት ሳይገባ መቅዳት አለብኝ። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው፣ ዝናብ ከጀመረ የጋሼ ድምፅ ለእኔም አይሰማ።

አንባቢያችሁ፣ ከአያት