በክረምት እንጦጦ ለሚሮጡ፦ የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የኅዳሩን ታላቁ ሩጫ እያሰበ ከሐምሌ ጀምሮ በቡድን እንጦጦ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። ደግ አደረገ፤ ክረምት ገባ ብሎ አስፋልት ላይ ከመዋል ጫካው ለጉልበት ይሻላል። ቅር የሚያሰኘው ለሯጩ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ስለ ዳገቱ መሆኑ ነው። ሰው የሚጎዳው ሲወርድ ነውና የስፖርት ገጻችሁ ይህን ቢያነሳ መልካም ነው።

ዳገቱን ትንፋሽ ራሱ ይቆጣጠረዋል። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ የደከመው ሰው ሳይወድ ቀስ ይላል። አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተው በእግሩ ይሂድ፤ በዛፎቹ መሐል ጥምዝምዝ እያሉ መውጣትም ዳገቱን ያለዝበዋል፣ ባትንም ያሳርፋል።

ቁልቁለት ላይ ግን የሚይዝ ነገር የለም። እግር ሲንሸራተት ሁሉም ሰው በደመ ነፍስ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ያኔ ክብደቱ ተረከዝ ላይ ይወድቃል፣ የጫማው ጥርስ መሬቱን መንከስ ያቅተዋል፣ ሰውየው በመቀመጫው ይሄዳል፤ ለመደገፍ ወደ ኋላ የዘረጋው እጅ አንጓው ላይ ይሰበራል። መፍትሔው ሰውነትን በመጠኑ ወደ ፊት ዘንበል አድርጎ፣ ጉልበትን ለቀቅ፣ እርምጃን አጠር ፈጠን ማድረግ ነው። ክንድ ወደ ጎን ይዘርጋ። ዓይን ደግሞ ከእግር ሥር ተነስቶ ሦስት አራት ሜትር ወደ ፊት ይይ።

መሬቱንም ማወቅ ያስፈልጋል። ቀዩ አፈር ላይ የረገፈው የባሕር ዛፍ ቅጠል ከሥሩ ያለውን ድጥ ይሸፍናል። የረጠበ የዛፍ ሥር ተሻግሮ ማለፍ እንጂ መርገጥ አይገባም፣ በተለይ አግድም የተኛውን። ወደ ሱሉልታ ሲወረድ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ ሶል ላይ እየተለጠፈ ጫማውን ያከብደዋል፤ እዚያ የሚሻለው የመንገዱ ዳር ያለው ሣር ነው፣ የገበሬ ማሳ ግን አይረገጥም። ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ብሎ የተተከለ፣ 5 ሚሊ ሜትር ያህል የሚወጣ ጫማ ጭቃውን እየጣለ ይሄዳል። ከመውረድ በፊት ክሩን ቁርጭምጭሚቱ ጋ ጠበቅ አድርጎ እንደገና ማሰር ያስፈልጋል። አለበለዚያ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጨ ጥፍር ይጠቁራል።

በጠባቡ መንገድ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። በዚያ ሸክም ድንገት መቆምም ሆነ መጠምዘዝ አይችሉም፤ ሯጩ ቀድሞ ይቁም፣ መንገድ ይልቀቅ።

ልብስን በተመለከተ፣ ጥጥ ውሃ ይዞ ስለሚቀር ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ቶሎ የሚደርቅ ቲሸርትና ንፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት ይበቃል። እንጦጦ ከመስቀል አደባባይ በአራት ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝም አይረሳ። ጣቱ ደንዝዞ የጫማ ክር ማሰር ያቃተው ወይም ንግግሩ የተሳሰረ ሰው ሩጫውን ያቁም፤ በፍጥነት ደረቅ ልብስ ይቀይር፣ ትኩስ ነገር ይጠጣ።

ዝናቡ የሚበረታው በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጠዋት 12:30 ተነስቶ ከ4 ሰዓት በፊት መውረድ ይመረጣል። ከዚያ ቀደም ብሎ በጨለማ ለብቻ መውጣት በጅቡ ምክንያት አይመከርም። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ ከጋራው ጫፍ መውረድ ግድ ነው፤ ረጅም ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ነው። ተመልሶ መውጣት የሚቻለው ከመጨረሻው ነጎድጓድ 30 ደቂቃ በኋላ ነው። አዘጋጆች የት ላይ እንደሚመለሱ ይህን አስበው አስቀድመው ይወስኑ፣ ከመጨረሻው ሯጭ ኋላም መንገዱን የሚያውቅ ሰው ያሰልፉ። ርቀቱንም በደቂቃ ቢናገሩ ይሻላል፤ አስፋልት ላይ 10 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት የሚጨርስ ሰው በጭቃ ሰዓት ተኩል ቢፈጅበት አያስገርምም።

የረጠበ ጫማ እሳት ዳር አይቀመጥም፣ ሙጫው ይለቃል። ሶሌውን አውጥቶ ውስጡን በአሮጌ ጋዜጣ መጠቅጠቅና ወረቀቱን ሁለት ሦስት ጊዜ መቀየር ነው፤ ለነገ ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሩጫ አሰልጣኝ፣ ከሽሮ ሜዳ