የቴሌግራሙ መዋጮ መዝገብ ይኑረው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ «የዘንድሮ ወጣት ስልኩ ላይ ተደፍቶ ይውላል» የሚል አስተያየት አነበብኩ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ፤ ዕድሜዬም ከወጣት የሚያስቆጥረኝ አይደለም። በዚህ ነገር ግን ከልጆቹ ጋር ነኝ።

የሰፈራችን አንድ አባወራ ኩላሊቱ ታሞ እጥበት ታዘዘለት። የእድራችን ደንብ ለቀብር እንጂ ለሕመም ቦታ የለውም። ሞቶ ቢሆን ኖሮ ድንኳን ጥለን፣ ወንበር ደርድረን በወጉ እንሸኘው ነበር! እንዳይሞት የሮጡት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንስተው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፉት። ባሕር ዳር ያለው፣ አዲስ አበባ ያለው፣ አረብ አገር ያለችው ሁሉ የአቅሙን ላከ።

ብሩ የገባው ግን በአንዱ ልጅ የግል ቴሌብር ነው። ልጁ ሳንቲም አልነካም፤ ይህን እኔ እመሰክራለሁ። ሆኖም ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ የሚል ወረቀት ስላልነበር ሐሜቱ ወዲያው ተነሳ። አዲስ ጫማ አድርጎ ቢታይ «በማን ብር?» ተባለ። እጥበት ደግሞ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ነው፤ ባንድ ሰሞን መዋጮ አያልቅም። ልጆቹ እንደገና ሲጠይቁ የሰጠው ሰው ጥቂት ነበር።

እድር ይህን ቀድሞ ያውቀዋል። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ጸሐፊው ብሩን አይዝም፣ ገንዘብ ያዡ ያለ ዳኛው ፈቃድ አያወጣም። ስንጣላም የምንጣላው መዝገብ ፊት ቁጭ ብለን ነው። ልጆቹም ባንክ ሄደው በሦስት ሰው ስም ሒሳብ ይክፈቱና በጣምራ ፊርማ ያውጡ። የሆስፒታሉን ደረሰኝ እዚያው ግሩፑ ላይ ይለጥፉት። በነገራችን ላይ፣ የበሽተኛውን ፊት ባይለጥፉ ደስ ይለኛል። ሰው ድኖ ገበያ ይወጣል እኮ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ነሐሴ 2015 በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግሩፑም አብሮ ጠፋ። ቴሌብር እንደሆነ ኔትወርክ ባለበት ያለ ኢንተርኔትም በ*127# ይሠራል። ግን ማን ምን ሊሰጥ ቃል እንደገባ፣ ስልክ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ የተጻፈው ቴሌግራሙ ውስጥ ነበር። አንድ የሃምሳ ቅጠል ደብተር ቢኖር ለዚያ ሰሞን ይበቃን ነበር።

የጣናንም ነገር አስታውሱ። በ2010 ዓ.ም. ፌስቡኩ ሁሉ «ጣናን እንታደግ» ሲል ስንቱ ወጣት ከያለበት በአውቶቡስ መጥቶ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሐይቁን የወረረውን የእምቦጭ አረም በእጁ ነቀለ። ያ ጥሪ ባይሰማ ኖሮ ብዙ ሰው የእምቦጭን ስም እንኳ አያውቅም ነበር። ነገር ግን የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል፤ ተቆርጦ የቀረው ግንድም እንደገና ያቆጠቁጣል። ሼሩና ላይኩ ግን በወራት ውስጥ በረደ። በዓመቱ ማን ተመልሶ እንደሚነቅል ተራ የያዘ ሰው ነበር? እኔ አልሰማሁም።

ከናንተም አንድ ነገር እፈልጋለሁ። የእርዳታ ጥሪ ስታወጡ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ስንት እንደተሰበሰበና የት እንደዋለ የሚነገርባት አንዲት ጥግ ስጡን። የኛ ሰፈር ልጆች አሁን ደብተር ይዘዋል። ከፈቀዳችሁ የመጀመሪያውን ሒሳብ እነሱ ይልኩላችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የእድር ጸሐፊ፣ ከደብረ ማርቆስ