ለወረዳችን ዋና ሥራ አስፈፃሚ፦ የነዋሪ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሚስጥር የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ክቡር ሆይ፣ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፣ ረጅሙ ሰላምታ ከዩኒቨርሲቲ ባመጣሁት የትብብር ደብዳቤ ላይ ስላለ፣ እሱም መዝገብ ቤትዎ ማህተም ተመትቶበት ተኝቷል። የፖለቲካል ሳይንስ ተመራቂ ተማሪ ነኝ፣ ሲኒየር ኢሴዬ (የመመረቂያ ጥናቴ) ወረዳው በሚጠራቸው የውይይት መድረኮች ላይ ነዋሪው ምን ያህል ተደማጭ ነው የሚል ነው። የጠየቅኩት የጦር ካምፕ ፕላን አይደለም፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤና የተነሱ ቅሬታዎች ዝርዝር ነው። እናቴ ራሷ እዛ አዳራሽ ገብታ የታሸገ ውሃ ተሰጥቷት፣ ስለ ውሃ መጥፋት ተናግራ፣ ፈርማ የወጣች ሴት ናት እኮ፣ እሷ በአደባባይ ያለችውን ነው ከልጇ የደበቃችሁት።

"ሃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" የሚለውን ተዉት ለምደነዋል። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። አንድ ባለሙያዎ መጀመሪያ መጠይቅሽን እንየው አሉኝ፣ ሰጠኋቸው፣ ቀይ እስክሪብቶ አወጡና "ባለፈው ዓመት በስብሰባ ላይ ያነሱት ቅሬታ መልስ አግኝቷል ወይ" የሚለውን ጥያቄ ሰርዘው ጎኑ ላይ "አያስፈልግም" ብለው ጻፉበት። "በመድረኩ ምን ያህል ረክተዋል" የሚለው ግን አለፈ (እሱን እንኳን አድቫይዘሬ ደካማ ጥያቄ ነው አውጪው ብሎኝ ነበር)። ቀጥሎ ከርዕሱ ላይ "ሰብዓዊ መብት" የሚለው ይውጣ፣ ፖለቲካ ይመስላል፣ ለምን ስለ ደረቅ ቆሻሻ አትሰሪም ዳታም አለን ተባልኩ። የፖለቲካል ሳይንስ ተማሪ ፖለቲካ ካልነካች ምን ትንካ?

ሕጉን እንደሚያውቁት አውቃለሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፣ አንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግና የመቀበል ነጻነት ይሰጣል፣ የመረጃ ነጻነት አዋጁ 590/2000 ደግሞ መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጠው ይላል። የእናንተ መልስ "ሰኞ ብቅ በይ" ነው፣ እሱም በቃል። በጽሁፍ እምቢ ብትሉኝ ወረቀቱን ይዤ እንባ ጠባቂ ጋር እሄድ ነበር፣ ለዛ መሰለኝ አንድም ሰው እስክሪብቶ የማያነሳው፣ ቀዩን ካልሆነ።

ደግሞ ይቺ ስብሰባ እንዲሁ ስብሰባ ብቻ ብትሆን እሺ። በ2005 የተመረጠ የወረዳ ምክር ቤት የሥራ ዘመኑ 5 ዓመት ነበር፣ በ2010 መደረግ የነበረበት ምርጫ ተራዘመ፣ በ2013ም አዲስ አበባ ላይ የመረጥነው የከተማውን ምክር ቤት ነው። ስለዚህ እኔ እድሜዬ ለምርጫ ከደረሰ ወዲህ ለወረዳዬ ካርድ ጥዬ አላውቅም፣ ነዋሪው ወረዳውን ፊት ለፊት የሚያናግርባት ያቺው መድረክ ናት፣ እዛ የተባለውም መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል።

ወይ ቃለ ጉባኤውን ስጡኝ ወይ አንሰጥም የሚል ፊርማና ማህተም ያለበት አንድ ወረቀት ስጡኝ። ዲፌንሴ (ጥናቴን ቀርቤ የምከላከልበት ቀን) ደርሷል። ሁለቱንም ካላገኘሁ ሊሚቴሽን (የጥናቱ ውስንነት) በሚለው ክፍል ወረዳው ዳታ ከልክሏል ብዬ እጽፋለሁ፣ ባለሙያዎ ያረሙትን መጠይቅም ከነቀይ ቀለሙ ስካን አድርጌ አፔንዲክስ (አባሪ) ውስጥ አስገባዋለሁ።