ልጆቹ ሁሉ ተራ ይድረሳቸው፦ ስለ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች የክበብ ሥራ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ስለ ትምህርት ቤቶች የሚወጣው ዜና አንድ ዓይነት ነው፤ በ6ኛና በ8ኛ ክፍል ፈተና ማን ስንት አመጣ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ያስፈተናቸውን ሁሉ አሳለፈ። ልጆቹ ለፍተው ያመጡት ውጤት ስለሆነ መነገሩን አንቃወምም። ነገር ግን ልጆች በዓመቱ ውስጥ የዘሩት፣ የለኩት፣ ጠይቀው የጻፉት፣ በሰው ፊት ቆመው የተናገሩት ሁሉ ከዜናው ውጭ ይቀራል። ትምህርት ቤቶችም ይህን እያዩ የክበባትን ሥራ በሰኔ ለወላጆች ቀን የሚታይ ትርኢት ወደ ማድረግ አዘንብለዋል። እኛ በአንዲት አነስተኛ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክበባትን የምናስተባብር መምህራን ነን። የትንሽ ትምህርት ቤት ትልቁ ሀብት ለእያንዳንዱ ልጅ ተራ መድረሱ ስለሆነ፣ የክበብ ሥራ መመዘን ያለበት በዚሁ ነው እንላለን።

ሒሳቡን እንሥራው። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አንድ አንድ ሴክሽን ያለው፣ በየክፍሉ 40 ልጅ የሚማርበት ትምህርት ቤት 240 ተማሪ አለው። ሚኒ ሚዲያ የሚመለከተው ከ3ኛ እስከ 6ኛ ያሉትን 160 ልጆች ነው እንበል። በጠዋት ሰልፍ ላይ በሳምንት ሦስት ቀን ዝግጅት ቢኖር፣ በየቀኑም አራት ልጆች ቢያቀርቡ፣ በሳምንት 12 ልጅ ማይክ ይይዛል። 14 ሳምንት ሳይሞላ 160ዎቹም ይዳረሳሉ፤ ማለትም በአንድ መንፈቅ ዓመት ማይክ ሳይይዝ የሚቀር ልጅ የለም። 2,000 ተማሪ ባለበት ግቢ በዚሁ አካሄድ ሁሉን ለማዳረስ አራት የትምህርት ዓመት ያህል ይፈጃል። ሆኖም ይህ ዕድል በእጃቸው ባለባቸው ትናንሽ ትምህርት ቤቶችም ከመስከረም እስከ ሰኔ ማይኩ የሚዞረው በአምስት ስድስት ልጆች መካከል ነው። አንድ ልጅ ሲደናቀፍ ሰልፉ ይስቃል፣ መምህሩ ይሸማቀቃል፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜም ይዘገያል። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት የሚላከው ያው የማይሳሳተው ልጅ ነው።

ተራ ለማዳረስ የስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይበቃም። የሰልፉ ዝግጅት ከ7 ደቂቃ አይብለጥ፤ ለአንድ ልጅ የሚበቃው በደብተር ግማሽ ገጽ ነው። ከዚያ ሲረዝም ልጁ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ከኋላ ያሉትም መገፋፋት ይጀምራሉ። ጽሑፉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ለመምህሩ ይድረስ፤ ልጁ እቤቱ ሁለት ጊዜ፣ በእረፍት ሰዓት ደግሞ አንድ ጊዜ ማይክ ይዞ ጮክ ብሎ ያንብበው። ዓይን አፋር ለሆነ ልጅ የመጀመሪያው ተራ ከጓደኛው ጋር በቅብብል የሚነበብ ይሁን። ከሁሉ የከፋው ከቴሌግራም የተገለበጠ ጽሑፍ ነው። የ4ኛ ክፍል ልጅ “ዘርፈ ብዙ ተግዳሮቶች” እያለ ሲያነብ ለራሱም አይገባው፣ የሚያዳምጠውም አያገኝ። ግቢው ውስጥ ተዘዋውሮ ጠይቆ የጻፈው ግን ይደመጣል፦ በዚህ ሳምንት ከቤተ መጻሕፍት ስንት መጽሐፍ ተዋሱ፣ ውኃ በየትኞቹ ቀናት ጠፋ፣ 2ኛ ክፍሎች ምን ዘሩ።

ስለ ዕቃውም አንድ ነገር እንበል፤ ብዙ ልጅ የሚደነግጠው በእሱ ነውና። ድምፅ ማጉያው የሚያፏጨው ማይኩ ስፒከሩ ፊት ሲቆም ነው። ስፒከሩ ከአቅራቢው ቀደም ብሎ፣ ፊቱን ወደ ሰልፈኛው አድርጎ ይቀመጥ፤ ልጁ ከስፒከሩ በስተኋላ ይቁም። ማይኩን ከአፉ አራት ጣት ያህል ያርቀው። መብራት ሲጠፋ ዝግጅቱ አይሰረዝ፤ ሲዘጋጅ ሰንብቶ ተራው የተሰረዘበት ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ወኔው ቀንሶ ነው የሚመጣው። ክፍሎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው በግማሽ ክብ ይቁሙና በባዶ ድምፁ ያንብብላቸው።

የአትክልት ሥራ ደግሞ ለትንሽ ግቢ የተሰጠ ነው ማለት ይቻላል። ስፋቱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ አንድ መደብ ለአንድ ክፍል ይበቃል። ስፋቱ ከ1 ሜትር በላይ ከሆነ ልጆቹ መካከሉ ላይ ስለማይደርሱ መደቡን ይረግጡታል፤ የተረገጠ አፈር ውኃ አያሰርግም። ለመጀመሪያ ዓመት ቆስጣን የሚያህል የለም። በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሦስት መስመር ይወጣል፤ በመስመሩ ላይ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ፍሬ ይዘራል። በአንድ መስመር 15፣ በጠቅላላው 45 ተክል ይሆናል። ክፍሉ 40 ልጅ ካለው ለእያንዳንዱ የራሱ ተክል ይደርሰዋል፣ አምስቱ መጠባበቂያ ነው። የቆስጣ ፍሬ በውስጡ ከአንድ በላይ ዘር ስላለው ከአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ቡቃያ ይወጣል። ልጆች የበዛው የተሻለ መስሏቸው መንቀል አይወዱም፤ እውነተኛ ቅጠል (ከመጀመሪያዎቹ የዘር ቅጠሎች ቀጥሎ የሚወጣውን) ሁለት ሲያወጣ ጠንካራውን አስቀርተው ሌላውን ካላነሱት ግን ሁሉም ቀጥኖ ይቀራል። ጥቅምት ላይ የተዘራ በሁለት ወር አካባቢ፣ ታኅሣሥ ላይ ለቆረጣ ይደርሳል። የሚቆረጠው የውጪው ቅጠል ነው፤ መካከል ያሉት አራት አምስት ቅጠሎች ከተተዉ ደጋግሞ ያቆጠቁጣል።

ውኃው ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። ለአንድ እንዲህ ያለ መደብ አንድ ቀን እያለፈ ሁለት ባለ 10 ሊትር ባልዲ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ይበቃል። አፈሩ በደረቅ ሣር ከተሸፈነ እንዲያውም ይተርፋል። መዝገብ ከሌለ ግን በሥራው ቀናት ያለፈ ያገደመ ሁሉ ያጠጣና ሥሩ ይበሰብሳል፤ በገናና በጥር መጨረሻ ዕረፍት ደግሞ ማንም ስለማያጠጣ ይደርቃል። መደቡ አጠገብ በሲባጎ የታሰረ ደብተር ይንጠልጠል፤ ያጠጣው ቀኑን፣ የባልዲውን ብዛትና ስሙን ይጽፋል። ለዕረፍቱ ቀናት ግቢው አጠገብ የሚኖሩ ልጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ወላጆቻቸው አውቀው፣ ተራ ይውጣላቸው። በየሳምንቱ ዓርብ እያንዳንዱ ልጅ የተክሉን ረጅሙን ቅጠል ከአፈሩ ጀምሮ በማስመሪያ ይለካል። በስምንት ሳምንት ስምንት ቁጥር ይኖረዋል፤ 3ኛ ክፍል በባር ግራፍ፣ 5ኛ ክፍል በመስመር ግራፍ፣ 6ኛ ክፍል የክፍሉን አማካይ አውጥቶ ያሳየዋል። ግንቦት ላይ ከገበያ የተገዛ ችግኝ ተተክሎ በወላጆች ቀን “የተማሪዎች ሥራ” የሚል ወረቀት የሚሰካበት አሠራር እንዲቀር አጥብቀን እንፈልጋለን። እንዲያ ያለው ችግኝ ሥር እንኳ አልያዘም፤ ልጆቹም የእነሱ አለመሆኑን ያውቃሉ፤ በአደባባይ መዋሸትን ከእኛ ከመምህራኑ ይማራሉ።

የሳይንስ ዐውደ ርእይም በዚሁ ችግር ተይዟል። በፎም ተቆርጦ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አምፖል የበራበት የግድብ ሞዴል ያምራል፤ የሠራው ግን አባት ወይም ተከፍሎት የሠራ ባለሙያ ነው። አራት የፕላስቲክ ብርጭቆና 40 ፍሬ ቦሎቄ ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። በየብርጭቆው 10 ፍሬ ይዘራል። አንዱ ውኃና ብርሃን ያገኛል፤ አንዱ ውኃ እያገኘ ቁምሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ አንዱ ብርሃን ላይ ሆኖ ውኃ አይነካውም፤ የመጨረሻው እንደ መጀመሪያው ሆኖ ዘሩ ቀድሞ ሌሊቱን የተዘፈዘፈ ይሆናል። ልጆች ሁልጊዜ የሚሳሳቱት ሁለት ነገር ባንዴ በመለወጥ ነው። ቁምሳጥን ውስጥ ያለውን ውኃ ማጠጣት ይረሱና “በጨለማ አይበቅልም” ብለው ይጽፋሉ። በደንብ ያጠጣ ልጅ ግን በጨለማም መብቀሉን፣ ግን ነጣ ብሎ፣ ቀጥኖና ረዝሞ መውጣቱን ያያል። በዐውደ ርእዩ ቀን ዳኛው ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ ምን ለማወቅ ፈለግህ? ምኑን ብቻ ለወጥህ? ከ10ሩ ስንቱ በቀለ? ሦስቱን ከደብተሩ እያሳየ የመለሰ ልጅ ሠርቶታል።

ስለ ጥያቄና መልስ ውድድር ብዙ አንልም። ቡድኖቹ በዕጣ ይደልደሉ፣ ከየክፍሉ ይደባለቁ፣ በቡድኑ ያለ እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ አንድ ጥያቄ ብቻውን ይመልስ። በጥያቄው ካርድ ጀርባ መልሱና የመማሪያ መጽሐፉ ገጽ ይጻፍ፤ ይህ ከተደረገ ጭቅጭቅ አይነሣም።

ትምህርት ቤቱ የካቶሊክ መሆኑ የሚጨምረው ኃላፊነት አለ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ 1 በመቶ አይሞሉም፤ በትምህርት ቤቶቻችን የሚማረው ልጅ አብዛኛው ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2ም ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ መዝሙርና ትምህርተ ክርስቶስ በቁምስናው (በአካባቢው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን)፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ ለፈቀደ ነው፤ የክበብ ክፍለ ጊዜ ለዚህ አይውልም። የክበብ መርሐ ግብር ሲወጣ ደግሞ የጾም ቀናት አብረው ይታዩ። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ገብተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሩጫና የኳስ ውድድርን ከሰዓት በኋላ ማድረግ የሚጾሙትን ልጆች ማስወጣት ነው፤ ወደ ጠዋት ይምጣ ወይም ከጾሙ በኋላ ይደረግ። የቆስጣው ቆረጣና ቅምሻም ረቡዕና ዓርብ ሲውል በዘይት ይሠራ፣ ቅቤ አይግባበት።

በዐቢይ ጾም ለአረጋውያንና ለሕሙማን የሚሰበሰበው እርዳታ ልጆቹ ከልባቸው የሚሠሩት ሥራ ነው፤ ነገር ግን በቀላሉ ይበላሻል። የማን ልጅ ስንት ብር አመጣ ተብሎ በሰልፍ ከተነበበ በማግስቱ ባዶ እጁን የመጣ ልጅ አንገቱን ይደፋል። በገንዘብ ፋንታ ዕቃ ይሁን፤ አንድ ሳሙና፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ስኒ ምስር። ማን እንዳመጣው ሳይጻፍ በክፍል ካርቶን ይግባ፤ 6ኛ ክፍሎች ቆጥረው በክፍል ድምሩን ብቻ ያሳውቁ። የሚሰጠው ቤት ምን እንደሚያስፈልገው ቀድሞ ይጠየቅ፤ ሳሙና የተረፈው ቤት ሳሙና መውሰድ እርዳታ አይባልም። ሲሰጥም የተረከበው ይፈርም፣ ወረቀቱም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ሰርተፊኬቱ ሊያበላሸው አይገባም። “ላሳየው የላቀ ተሳትፎ” የሚል ወረቀት ለ30 ልጅ ሲታደል ማን ምን እንደሠራ አይታወቅም። እያንዳንዱ ልጅ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ገጽ የተሳትፎ ካርድ ይኑረው፤ ቀኑን፣ የደረሰበትን ተራና የሠራውን በራሱ እጅ ይጽፋል፣ የክፍል ኃላፊው መምህር በወር አንድ ጊዜ አይቶ ይፈርማል። ሰኔ ላይ ከዚያ ካርድ ላይ ተነሥቶ “የ4ኛ ክፍልን መደብ የውኃ መዝገብ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሳያቋርጥ ስለያዘ” ተብሎ ይጻፍለታል። ካርዱ ሌላም ጥቅም አለው፤ የካቲት ላይ ሲገለጥ አንድም ተራ ያልደረሰው ልጅ ወዲያው ይታያል። ወላጅ መምህር ኅብረቱም ስለ ክበባት ሪፖርት ሲቀርብለት “ስንት ዋንጫ አመጣን?” ከማለቱ በፊት ካርዳቸው ባዶ የሆነው ስንት ልጆች እንደሆኑ ይጠይቅ።

ከጋዜጣችሁ የምንጠይቀው ይህን ነው። ዘጋቢ ስትልኩ በወላጆች ቀን ብቻ አትላኩ፤ በታኅሣሥ ወይም በየካቲት በአንድ የዘወትር የክበብ ቀን ይምጣ፣ 40 ደቂቃ ይቀመጥ፣ የውኃውን መዝገብና የተሳትፎ ካርዱን ይግለጥ። መናገር የለመደውን ልጅ ብቻ ሳይሆን ከዝርዝሩ መካከል ያገኘውን ያነጋግር። ፎቶ ሲነሣ ሸላሚው እንግዳ ዳር ይቁም፣ ሥራው መካከል ይሁን። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ሳይያዝ የልጅ ፊት አይውጣ፤ የክፍሉ ደረጃና የሠራው ሥራ ከተጻፈ ሙሉ ስሙ ባይጠቀስም ዜናው አይጎድልበትም።

ከአክብሮት ጋር፣
በአንዲት አነስተኛ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክበባት አስተባባሪ መምህራን
አዲስ አበባ