ምስጢር ይጠበቅ፣ የትዳር ጓደኛም አይረሳ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

«ነርሷ ባልየው የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሙ እንዳለ እያወቀች ለሚስቱ ለምን አትነግራትም?» የሚለው ጥያቄ በጎጃም ጤና ጣቢያዎች ደጋግሞ ይነሣል። ከተቆርቋሪነት የመጣ ጥያቄ ነውና መልስ ይገባዋል።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል። በአንቀጽ 514 ደግሞ ተላላፊ በሽታ አስቦ ያስተላለፈ ይቀጣል፤ በቸልተኝነት ያስተላለፈም ይጠየቃል። አንዳንድ ባለሙያዎች 514ን ለማስፈራሪያ ይጠቀሙበታል። ይህ ጎጂ ነው፤ የፈራ ታካሚ ሌላ ጓደኛ እንዳለው አይናገርም፣ ለመድኃኒትም ላይመለስ ይችላል።

ቫይረሱ ያለባት ሚስት ከሆነች፣ ለታካሚዋ መቅደም ያለበት «ንገሪው» የሚለው ምክር ሳይሆን «ብትነግሪው ምን ያደርግሻል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ዱላ ወይም ከቤት መባረር ካሰጋት መንገሩ ይቆይ፤ ኮንዶሙና መድኃኒቱ ግን አይቆዩም። ስጋቱ ከሌለ ምርጫዋ ሰፊ ነው፦ ራሷ ልትነግረው፣ ከባለሙያ ጋር ሆና ልትነግረው፣ ወይም ቀን ቆርጣ ቀኑ ሲያልፍ ባለሙያው በፈቃዷ እንዲጠራው ልትስማማ ትችላለች። ባለሙያው ስሟን ሳያነሣ ባሏን ለምርመራ የሚጋብዝበት መንገድም አለ። ይህኛው ባሕር ዳር ላይ ይሠራ ይሆናል። በገጠር ቀበሌ ግን አንዲት ሚስት ያለችው ገበሬ ከጤና ጣቢያ ሲጠራ ጠቋሚዋን ወዲያው ያውቃታል። ስለዚህ ለገጠሩ ባለሙያ ባለበት አብሮ መንገርን እንመርጣለን።

«ሁለታችሁም እንደ አዲስ ትመረመራላችሁ» እያሉ ማስመሰል ግን ይቅር። መድኃኒት ላይ የቆየ ሰው፣ በተለይ ከአፍ በሚወሰደው ራስን መመርመሪያ፣ በስህተት ነጻ ሊባል ይችላል። ከዚያ በኋላ እውነቱን ማስረዳት እጅግ ይከብዳል።

ባልየው ነጻ ከሆነ ከ3 ወር በኋላ ይደገምለት። ተጋላጭነቱ 72 ሰዓት ካልሞላው ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ አለ፤ ካለፈም ሚስቱ ቫይረሱን እስክትቆጣጠር ድረስ በየቀኑ የሚዋጠው ቅድመ መከላከያ ይታሰብለት። የእሷ የቫይረስ መጠን ምርመራ መድኃኒት በጀመረች በ6ኛው ወር ይሠራል። ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ደርሶ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከቀጠለች በግብረ ሥጋ አታስተላልፍም። ይህን የሚያሳየውን የምርመራ ወረቀት ይዞ መናገር ለብዙ ሰው ይቀላል፤ እስከዚያ ግን ኮንዶም የግድ ነው።

ያልነገረች ሴት መድኃኒቱን ከብልቃጡ አውጥታ በወረቀት ወይም በመቀነት ጫፍ ትቋጥረዋለች። ክኒኑን እርጥበት ያበላሸዋል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥርም ሰዓቱ ይዘለላል።

የጤና ኃላፊዎችን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ በሩ የሚዘጋ የምክር ክፍል፣ እና በታካሚ ካርድ ላይ «ለትዳር ጓደኛ አልተነገረም፤ ምክንያቱ፤ ቀጣዩ ቀጠሮ» የሚል መስመር። ያ መስመር ባለመኖሩ ተረኛ ነርስ በተቀየረ ቁጥር ምክሩ ከዜሮ ይጀምራል።

ሁለት ነርሶችና አንድ የሕግ ባለሙያ
ከደብረ ማርቆስ